የአየር ጠባይና የቲማቲም ተባዮች በቃሊቲ

የአየር ጠባይና የቲማቲም ተባዮች ግንኙነት ማለት ሙቀት፣ ዝናብ፣ የአየር እርጥበትና ነፋስ ቲማቲምን በሚያጠቁ ነፍሳት ቁጥር፣ የእድገት ፍጥነትና ስርጭት ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ነው። ይህ ጽሑፍ ግንኙነቱን የሚያብራራው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቃሊቲና በአቃቂ አካባቢ ያለውን የመስኖ አትክልት እርሻ ምሳሌ በማድረግ ነው።

በዚህ አካባቢ ነፍሳትን አጥቦ የሚቀንሰው የክረምት ዝናብ ለቲማቲም በሽታ ይመቻል። ተክሉን ከበሽታ የሚያሳርፈው ደረቅ ወቅት ደግሞ ነፍሳቱ የሚራቡበት ነው። ስለዚህ ገበሬው ያለ ስጋት የሚያሳልፈው ወቅት የለውም። የደጋው ቅዝቃዜ ግን የነፍሳቱን መራባት ስለሚያዘገይ ለአካባቢው እንደ ጋሻ ያገለግላል። ይህ ጋሻ ምን ያህል እንደሚከላከልና መቼ እንደሚላላ ማወቅ ለአምራቹም ለተመጋቢውም ይጠቅማል።

ቦታውና ወቅቶቹ

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ቢኖረውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከእንጦጦ ተራራና ከከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ነው። ከተማዋን አቋርጠው የሚወርዱት ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ወንዞች በዚሁ በደቡብ አቅጣጫ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ውኃው ከዚያ ወደ አዋሽ ወንዝ ያልፋል። በወንዞቹ ዳርና ዳር ውኃ በሞተር እየተሳበ ወይም በቦይ እየተመራ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ድንችና ቲማቲም ይመረታሉ። ከወንዞቹ ራቅ ባለው ሜዳ ላይ ያለው አፈር በአብዛኛው ጥቁር መረሬ ሲሆን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ ይበቅልበታል።

የኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ዓመቱን በሦስት ወቅት ይከፍሉታል፦ ክረምት (ከሰኔ እስከ መስከረም)፣ በጋ (ከጥቅምት እስከ ጥር) እና በልግ (ከየካቲት እስከ ግንቦት)። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው የሚጥለው በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ስለሚጠራ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ብርዳም ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የቀን ሙቀት ከፍ የሚልባቸው ወራት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያሉት የበልግ ወራት ናቸው።

ዋና ዋናዎቹ ተባዮች

ቱታ አብሶሉታ፦ የቲማቲም ቅጠል ቆፋሪ የእሳት እራት ነው። እጩ በቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ሽፋን መካከል ገብቶ ለምለሙን ክፍል ይበላል፤ ግንዱንና ፍሬውንም ይበሳል። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1917 ኤድዋርድ ሜይሪክ በፔሩ ሁዋንካዮ ከተሰበሰበ ናሙና ተነሥቶ በገለጸው ጊዜ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ውስጥ ታየ፤ ከዚያም በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ተዛምቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ኢትዮጵያ ደረሰ። አንዲት እንስት እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ጓይ ትል፦ ሳይንሳዊ ስሙ ሄሊኮቨርፓ አርሚጄራ ነው። ቲማቲምን ብቻ ሳይሆን ሽምብራን፣ ጥጥን፣ በቆሎንና ሌሎች ብዙ ሰብሎችን ይበላል። ትሉ ፍሬውን በስቶ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ስለሚመገብ የተበሳው ቲማቲም ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል።

ነጭ ዝንብ፦ ከቅጠል በታች ተሰብስቦ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። በሞቃት አካባቢ የሚገኘው ቤሚሲያ ታባቺ የተባለው ዝርያ ቅጠልን የሚያቆረፍድና የሚያቢጭ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያስተላልፋል።

ክሽክሽ፦ በለጋ ቅጠልና ቀንበጥ ላይ ተጠጋግቶ የሚኖር ለስላሳ ነፍሳት ነው። እንስቷ ያለ ወንድ ልትራባና እንቁላል ሳትጥል ቀጥታ ልትወልድ ትችላለች።

ትሪፕስ፦ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ቀጭን ነፍሳት ነው። ቅጠልና አበባ ይፍቃል፤ ቫይረስም ያስተላልፋል።

ቀይ ሸረሪት፦ ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ ከሸረሪትና ከመዥገር ጋር የሚመደብ ነው። በቲማቲም ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና ለአየር ጠባይ ያለው ምላሽ ከነፍሳቱ ጋር ስለሚመሳሰል አብሮ ይጠናል።

ሙቀት የነፍሳት ሰዓት

ሰው ቢበርደውም ቢሞቀውም የሰውነቱ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ይቆያል። ነፍሳት ይህ ችሎታ የላቸውም፤ የሰውነታቸው ሙቀት በዙሪያቸው ያለውን አየር ይከተላል። አየሩ ሲሞቅ ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ይራባሉ፤ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገራቸው ይዘገያል። በመሆኑም የአንድን ነፍሳት ዕድሜ በቀን ብቻ መቁጠር ያሳስታል። በሞቃት ቦታ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ እድገት በቀዝቃዛ ቦታ ሦስት ወር ሊጠጋ ይችላል።

ቱታ አብሶሉታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከእንቁላል እስከ ሙሉ የእሳት እራት ለመድረስ በ14 ዲግሪ 76 ቀን፣ በ19.7 ዲግሪ 40 ቀን፣ በ27.1 ዲግሪ ደግሞ 24 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሙቀቱ ወደ 8 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። ይህ ወለል መነሻ ሙቀት ይባላል።

ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ቀላል ስሌት አለ። ከእያንዳንዱ ቀን አማካይ ሙቀት ላይ 8 ሲቀነስ የሚተርፈው ነፍሳቱ በዚያ ቀን ያገኘው ጠቃሚ ሙቀት ነው። ይህ መለኪያ ዲግሪ-ቀን ይባላል። የየቀኑ ትራፊ እየተደመረ 460 ገደማ ሲደርስ አንድ ትውልድ ይሞላል። በ14 ዲግሪ በቀን የሚገኘው 6 ዲግሪ-ቀን ነው፤ 460 ለ6 ሲካፈል 77 ቀን ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከላይ ከተጠቀሰው 76 ቀን ጋር የሚቀራረብ ነው።

ስሌቱን ወደ ቃሊቲ ለማምጣት የቀኑ ሙቀት 24 ዲግሪ፣ የሌሊቱ 10 ዲግሪ የሆነበትን ጊዜ እንውሰድ። አማካዩ 17 ዲግሪ ነው። 8 ሲቀነስ በቀን 9 ዲግሪ-ቀን ይቀራል፤ አንድ ትውልድ በ51 ቀን ገደማ ይሞላል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ብዙ ቲማቲም ወደሚመረትበት ወደ ስምጥ ሸለቆ እንውረድ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ከቃሊቲ ወደ 3 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በ20 ዲግሪ አማካይ ሙቀት በቀን 12 ዲግሪ-ቀን ይገኛል፤ ትውልዱም በ38 ቀን ገደማ ይሞላል።

ልዩነቱ 13 ቀን ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቲማቲም ችግኙ ማሳ ላይ ከተተከለበት እስከ መጨረሻው ለቀማ 120 ቀን ቢቆይ፣ በቃሊቲው ሙቀት ሁለት ሙሉ ትውልድ ሲደርስ በዝዋዩ ሙቀት ሦስት ይደርሳል። እያንዳንዱ ትውልድ ቁጥሩን አሥር እጥፍ ያሳድጋል ብለን ለምሳሌ ብናስብ፣ በማሳው መጀመሪያ የነበሩት 10 የእሳት እራቶች በሁለት ትውልድ 1,000፣ በሦስት ትውልድ 10,000 ይሆናሉ። የሦስት ዲግሪ ልዩነት በመጨረሻው ለቀማ ላይ የአሥር እጥፍ ልዩነት ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ስሌቱ ሁለት ገደቦች አሉት። የመጀመሪያው የላይኛው ጣሪያ ነው፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ነፍሳቱ ይጎዳሉ እንጂ ይበልጥ አይፈጥኑም። ይህ በቆላ እንጂ በቃሊቲ ብዙም አይደርስም። ሁለተኛው የሌሊቱ ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ8 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ለሰዓታት ይቆማል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነ ጊዜ በአማካዩ ብቻ የተሠራ ስሌት እውነተኛውን እድገት በጥቂቱ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ለሌሎቹ ተባዮችም መርሑ አንድ ነው፤ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ክሽክሽ ቅዝቃዜን ስለሚችል በደጋ በጋ ወራትም ይራባል፤ አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ይዳከማል። ቀይ ሸረሪት በተቃራኒው በ30 ዲግሪ አካባቢ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና ለመድረስ ከአሥር ቀን ያልበለጠ ጊዜ ይበቃዋል። ቤሚሲያ ታባቺ የተባለው ነጭ ዝንብም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፋጠናል። በቀዝቃዛ ደጋ ይበልጥ የሚስማማው የእርሱ ዘመድ የሆነው የግሪን ሃውስ ነጭ ዝንብ ነው፤ ይህኛው ቅጠል አቆርፋጁን ቫይረስ አያስተላልፍም። እዚህ ላይ ቅዝቃዜ ተባዩን ከመቀነስ አልፎ ከሁለቱ ዘመዳሞች ጉዳቱ ያነሰውን መርጦ ያስቀራል።

ዝናብ

ከባድ ዝናብ ለጥቃቅን ነፍሳት ቀጥተኛ ጠላት ነው። የዝናብ ጠብታ ከክሽክሽ፣ ከትሪፕስና ከነጭ ዝንብ ጫጩት ብዙ እጥፍ ስለሚከብድ ከቅጠል ላይ ያረግፋቸዋል። የእሳት እራቶችም በዝናባማ ሌሊት በርረው ለመጋባትና እንቁላል ለመጣል ይቸገራሉ። በቅጠሉ ላይ ተለጥፈው የነበሩ እንቁላሎች በከፊል ይታጠባሉ።

ዝናብ ከመሬት በታችም ይሠራል። ጓይ ትል አድጎ ሲጨርስ ወደ አፈር ገብቶ ፑፓ ይሆናል፤ ፑፓ ነፍሳቱ ሳይመገብ ወደ እሳት እራትነት የሚለወጥበት ደረጃ ነው። ቱታ አብሶሉታም ብዙ ጊዜ ፑፓ የሚሆነው በአፈር ውስጥ ነው። የአቃቂ መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚያቁር በውስጡ ያለው ፑፓ አየር አጥቶ ወይም በሻጋታ ተይዞ ሊሞት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የማያገኘው አንድ ተባይ አለ፦ ቅጠል ውስጥ የገባ የቱታ አብሶሉታ እጭ። በሁለቱ የቅጠል ሽፋኖች መካከል ስለሚኖር ዝናቡ አይነካውም። በቅጠል ላይ ብቻ የሚቀር ፀረ ተባይም የማይደርስበት በዚሁ ምክንያት ነው።

ክረምት ነፍሳትን የሚቀንስ ከሆነ ገበሬው ለምን ቲማቲሙን በክረምት አይተክልም የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ሌት ብላይት የተባለው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታ መሰል ተሕዋስ፣ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ፣ የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ታላቅ ረሃብ ያስከተለው ይኸው ተሕዋስ ነው። የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ሁለቱንም ያሟላል። በእነዚህ ወራት በሜዳ ላይ የቆመ ቲማቲም በቀናት ውስጥ ቅጠሉ ጠቁሮ ፍሬው ሊበሰብስ ይችላል። በሽታው ድንችንም ስለሚያጠቃ በአቅራቢያ ያለ የድንች ማሳ ምንጩ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት በደጋው የሜዳ ላይ ቲማቲም ወደ ደረቁ ወቅትና ወደ መስኖ ይገፋል፤ ይህም ወደ ነፍሳቱ ወቅት ነው።

ድርቀት፣ አቧራና መስኖ

በደረቅ ወቅት ነፍሳትን የሚያጥብ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀን ሙቀት ይጨምራል። ነፍሳትን በበሽታ የሚገድሉ ሻጋታዎችም ለመዛመት እርጥበት ስለሚያስፈልጋቸው በድርቅ ጊዜ ይዳከማሉ። ቀይ ሸረሪት ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው በዚህ ጊዜ ነው። ከጠጠር መንገድ የሚነሣ አቧራ ቅጠሉን ሲሸፍነው ቀይ ሸረሪትን የሚበሉ ጥቃቅን አዳኝ ፍጥረታት ለመንቀሳቀስ ስለሚቸገሩ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ዳር ካለው የማሳ ጠርዝ ይጀምራል።

የመስኖው ዓይነት የማሳውን የራሱን የአየር ጠባይ ይፈጥራል። በቦይ የሚለቀቅ ውኃ አፈሩን ስለሚያርስ በአፈር ውስጥ ያለውን ፑፓ ሊጎዳ ይችላል፤ ቅጠሉን ግን ደረቅ ያደርገዋል። ከላይ የሚረጭ ውኃ እንደ ዝናብ ክሽክሽንና ቀይ ሸረሪትን ያረግፋል፤ ቅጠሉን ስለሚያረጥብ ግን በሽታ ይጋብዛል። የጠብታ መስኖ ውኃ ይቆጥባል፣ በሽታም ይቀንሳል፤ በአንጻሩ በቅጠል ላይ ያሉ ነፍሳትን አይረብሽም። ከእነዚህ አንዱን የሚመርጥ ገበሬ የትኛውን ችግር እንደሚቀበልም አብሮ ይመርጣል።

በግሪን ሃውስ ውስጥ ሁኔታው ይበልጥ ይጠነክራል። ፕላስቲኩ ዝናቡን ስለሚከለክልና ሙቀት ስለሚያቆይ ነፍሳቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ወቅት ያገኛሉ። መስኮቱና በሩ ጥቅጥቅ ባለ መረብ ካልተሸፈነ ወደ ውስጥ የገቡት ጥቂት ነፍሳት ከውጭ ይልቅ በፍጥነት ይበዛሉ።

ነፋስና የጭነት ሳጥን

ክሽክሽ በአንድ ተክል ላይ ሲጨናነቅ ክንፍ ያላቸው ልጆች ይወልዳል፤ እነርሱም በነፋስ ተሸክመው ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳሉ። ነጭ ዝንብና ትሪፕስም ደካማ በራሪዎች ስለሆኑ ረጅም መንገድ የሚጓዙት በነፋስ ነው። ጓይ ትል የሚሆነው የእሳት እራት ግን ጠንካራ በራሪ ነው፤ ከወረዳ ወረዳ ሊሻገር ይችላል።

በአቃቂ ሜዳ ይህ የራሱ መልክ አለው። ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሲሆን በመረሬው አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። በበጋው መካከል አበባና እሸት ሲይዝ ለጓይ ትል ጥሩ ምግብ ይሆናል። ሽምብራው ሲደርቅና ሲታጨድ አዲስ የወጡት የእሳት እራቶች ለምለም ተክል ፍለጋ ይነሣሉ። በዚያ ወቅት ሜዳው ሁሉ ደርቆ ለምለም የሚገኘው በወንዙ ዳር ባለው መስኖ ነው። የዝናቡ መቅረት በተዘዋዋሪ መንገድ ተባዩን ወደ ቲማቲሙ የሚገፋው እንዲህ ነው።

ቱታ አብሶሉታ ከነፋስ ሌላ የሰው እርዳታ ያገኛል። እጩ በፍሬው፣ ፑፓውም በሳጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ከገበያ ወደ ገበያ ይጓዛል። ከስምጥ ሸለቆ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ቲማቲም ወደ ከተማዋ የሚገባው በዚሁ በደቡብ በር ነው። ስለዚህ በቃሊቲ ያለው ቅዝቃዜ ነፍሳቱን ለጊዜው ቢያሳንሳቸውም ከሞቃቱ አካባቢ አዳዲሶች ሊተኩ ይችላሉ። ማሳ አጠገብ የተጣለ የበሰበሰ ቲማቲምና ያልታጠበ ሳጥን፣ እንዲሁም የቲማቲም ዘመድ የሆኑት እንቧይና አስተናግር ለነፍሳቱ መሸጋገሪያ ይሆናሉ።

የተፈጥሮ ጠላቶች

ነፍሳቱን የሚበሉ ወይም በውስጣቸው እንቁላል የሚጥሉ ሌሎች ነፍሳትም ለአየር ጠባይ ይገዛሉ። ነጠብጣብ ያላቸው ትንንሽ ጥንዚዛዎችና እጮቻቸው ክሽክሽን ይበላሉ፤ ጥቃቅን ተርቦች በክሽክሽ፣ በነጭ ዝንብና በትሎች ላይ ይራባሉ። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ጠላቶች የሚበዙት ተባዩ ከበዛ በኋላ ነው። አየሩ በድንገት ሲሞቅ ተባዩ ይቀድማል፤ ጠላቶቹ ዘግይተው ይደርሳሉ። ገበሬው በዚህ መካከል ሁሉን የሚገድል ፀረ ተባይ ከረጨ የሚያልቁት ብዙ ጊዜ ጠላቶቹ ናቸው። በተለይ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች በተደጋጋሚ ከተረጩ በኋላ ቀይ ሸረሪት መነሣቱ በብዙ አገሮች የታየ ነው።

የዓመቱ ዑደት

ከላይ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ የቃሊቲ የቲማቲም ዓመት በግምት የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ፦ በሜዳ ላይ የነፍሳት ቁጥር ዝቅተኛ ነው፤ ዋናው ስጋት ሌት ብላይት ነው። ቱታ አብሶሉታ ግን በግሪን ሃውስና በድንች ላይ ሊቆይ ይችላል።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፦ ዝናቡ ያቆማል፤ አረሙ ለምለም ነው። ክሽክሽ በለጋ ችግኝ ላይ ይወጣል። ችግኝ በመረብ የሚሸፈነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ገና በችግኝነቱ በቫይረስ የተያዘ ቲማቲም ፍሬ አይሰጥም ማለት ይቻላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ የእሳት እራቶች እድገት ይዘገያል። በረባዳ ቦታ ውርጭ ከወረደ ነፍሳቱን ሳይሆን ራሱን ቲማቲሙን ሊገድል ይችላል።

ከጥር እስከ የካቲት፦ ቀኑ መሞቅ ይጀምራል። ጓይ ትል ከሽምብራ ማሳ ይነሣል። ትሪፕስና ቀይ ሸረሪት ይበዛሉ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ዓመቱ የሚሞቅበት ጊዜ ስለሆነ የትውልድ ዑደት ያጥራል። የበልግ ዝናብ በደንብ ከጣለ ነፍሳቱን ይቀንሳል፤ ተቆራርጦ ከጣለ ወይም ከቀረ ቁጥራቸው ከፍተኛ ደረጃ ይደርሳል።

ይህ የመጨረሻው ጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ይገጥማል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በአዲስ አበባ የአትክልት ፍላጎት ይጨምራል፤ ቲማቲምም በሰላጣና በፍትፍት መልክ ሳይበስል ይበላል። ተባዩ በሚበዛበት፣ ዋጋውም ጥሩ በሚሆንበት በዚህ ጊዜ ገበሬው አብዝቶ ለመርጨትና ቶሎ ለመልቀም ይፈተናል። በእያንዳንዱ ፀረ ተባይ መያዣ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት ይጻፋል። ያ ቀን ሳይሞላ የተለቀመ ፍሬ ከሚገባው በላይ የኬሚካል ቅሪት ይዞ ወደ ማዕድ ሊደርስ ይችላል።

ክትትልና ርጭት

የእሳት እራቶችን ቁጥር ለመከታተል የተለመደው መሣሪያ የፌሮሞን ወጥመድ ነው። እንስቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ ተመስሎ በተሠራ ማባበያ ወንዶቹ ይሳባሉ፤ ሳሙና ባለበት ውኃ ወይም በሚያጣብቅ ወረቀት ላይ ይቀራሉ። ነጭ ዝንብንና ክንፍ ያለውን ክሽክሽ ለመቁጠር ቢጫ የሚያጣብቅ ሰሌዳ ይሰቀላል።

ወጥመዱን ለማንበብም የአየር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ብርዳም፣ ነፋሻማ ወይም ዝናባማ በሆነ ሌሊት የእሳት እራቶች ስለማይበርሩ ወጥመዱ ባዶ ያድራል። ይህ ተባዩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ እጮቹ በቅጠል ውስጥ መመገባቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ቁጥር ከመውሰድ የሳምንቱን ድምር ካለፈው ሳምንት ጋር ማነጻጸርና ቅጠሉንም ገልጦ ማየት ይሻላል።

ዲግሪ-ቀን እዚህ ላይ ተግባራዊ ጥቅም አለው። በወጥመዱ ብዙ የእሳት እራት ከታየበት ቀን ጀምሮ ሙቀቱን እየደመረ የሚሄድ ሰው እንቁላሎቹ መቼ እንደሚፈለፈሉ መገመት ይችላል። እጩ ገና ሲፈለፈልና ቅጠል ውስጥ ጠልቆ ሳይገባ የተደረገ ርጭት ከሁሉ ይበልጥ ይሠራል። በየሳምንቱ በልማድ የሚደረግ ርጭት ግን በሞቃት ወር ዘግይቶ ሊደርስ፣ በብርዳም ወር ደግሞ ያለ ጥቅም ሊባክን ይችላል። ቱታ አብሶሉታ በተለያዩ አገሮች ብዙ ዓይነት ፀረ ተባዮችን ስለተላመደ ያለ ጊዜው የተረጨ ኬሚካል ገንዘብ ከማባከን አልፎ የቀጣዩን ርጭት ኃይል ያዳክማል።

የርጭቱ ሰዓትም ከአየር ጠባይ ጋር ይያያዛል። ከርጭት በኋላ ወዲያው የጣለ ዝናብ ኬሚካሉን ያጥበዋል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ፣ ወደ ወንዝና ወደ ረጪው ፊት ይወስደዋል። በጠንካራ ፀሐይ የተረጨ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ይተናልም። ነፋስ ያልተነሣበት ማለዳ ወይም ፀሐይ የበረደበት ምሽት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ

የአየር ጠባይ የዕለቱና የሳምንቱ ሁኔታ ሲሆን የአየር ንብረት የብዙ ዓመታት አማካይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ ማጣጣሚያ ሰነድ መሠረት ባለፉት 55 ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ማለትም በአብዛኛው የሌሊቱ ሙቀት፣ በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ከተማ ሲስፋፋ ደግሞ አስፋልቱና ሕንፃው ቀን የተቀበሉትን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቁ በከተማ ዳር ያሉ ማሳዎች ሌሊታቸው ይሞቃል።

ለቃሊቲ ቲማቲም የሌሊቱ ሙቀት ልዩ ትርጉም አለው። የአካባቢው ብርዳም ሌሊት ከቱታ አብሶሉታ መነሻ ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ጥቂት ጭማሪ እድገቱ ቆሞ የሚያድርባቸውን ሰዓታት ይቀንሳል። ከላይ በተሠራው ስሌት አማካዩ ከ17 ወደ 18.5 ዲግሪ ቢወጣ የአንድ ትውልድ ጊዜ ከ51 ቀን ወደ 44 ቀን ያጥራል። በ120 ቀን ውስጥ ሁለት ትውልድ ከጥቂት የነበረው ወደ ሦስት ይጠጋል። ቫይረስ አስተላላፊው ነጭ ዝንብም ከስምጥ ሸለቆው ወደ ከፍታው የመውጣት ዕድል ያገኛል።

ከፍታ ብቻውን ዘላለማዊ መከላከያ እንዳልሆነ የቱታ አብሶሉታ ታሪክ ራሱ ያስታውሳል፤ ሜይሪክ የገለጸው ናሙና የተገኘባት ሁዋንካዮ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ የአንዲስ ከተማ ናት። ለቃሊቲ አምራች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፦ የየዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት እንዲሁም የዝናቡን መጠን መመዝገብ፣ ወጥመዱን ከመዝገቡ ጋር አያይዞ ማንበብ፣ ከለቀማ በኋላ የቀረውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ፣ እንዲሁም ለተወሰነ ጊዜ ቲማቲምና ድንች ሳይተክሉ በሌላ ሰብል ማፈራረቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ ደብተር ነው።